ዕቃው ከነፍስ በፊት ይውጣ

የልሳኑን ሞት የነገረኝ ከደሴ ጨው ሊጭን የወረደ ሾፌር ነው። ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ሳለ፣ «ጎረቤትዎ የነበሩት አቶ ልሳኑ ደሴ ላይ አረፉ» አለኝ። ነፍሱን ይማር አልኩና ትንሽ ቆይቼ ንብረቱስ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁት። ሾፌሩ ታዝቦኝ ነበር መሰለኝ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። በኋላ እንዳወራልኝ፣ ዘመድ ነኝ ባይ አንድ ሰው አመልክቶ፣ ፍርድ ቤቱ ንብረት የሚቆጥር ሰው ልኮ ነበር። ሱቁ ገና ድሮ በእህቱ ልጅ ስም ዞሯል። አልጋው የእህቱ ነው። መዝጋቢው ባዶ እጄን አልመለስም ብሎ የተቀመጠበትን ወንበር ሊጽፍ ሲል፣ ወንበሩም ለለቅሶ ከጎረቤት የመጣ ሆኖ ተገኘ።

እኔ በዚህ ሳቅሁ እንዳይባል አልሳቅሁም። ቀናሁ። ሰው አርባ ዓመት ነግዶ መንግሥት አንድ ወንበር እንኳ ሳያገኝበት ይሞታል? ሞቱ ራሱ በርካሽ ወጣለት።

ከልሳኑ ጋር አሰብ ውስጥ፣ ካምቦ ሱዳን ሰፈር፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ዓመታት ነግደናል። እኔ ጎማና ከመነዳሪ፣ እሱ የመኪና ሸራና ገመድ። ሾፌር ሁሉ ሁለታችንንም ይፈልገን ስለነበር በዕቃ አልተጣላንም። የተጣላሁት ከሸሚዙ ጋር ነው። የሰኔ ሙቀት ውሻውን ከጥላ ጥላ ሲያንከራትተው፣ እኔ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ርሼ ፎጣ ስጨምቅ፣ እሱ ነጭ የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ ደርቆ ይውላል። ባለቤቴ አስካለ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልሳኑ ላብ የሌለው ምን ቢበላ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚበላውን ማየት ጀመርኩ። እኔ የምበላውን ነው የሚበላው።

ሌላ ደግሞ አንድ አመል ነበረው። ሰው ችግሩን ሲያወራለት አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እያፋተገ ያዳምጣል፣ ሸራ እንደሚመርጥ ሰው። ፍትጊያው ሲቆም ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። መምህሩም፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም፣ የራሔይታው ዓሣ አጥማጅም ያንን ጣት ለማየት ይመጣ ነበር። እኔ ሱቅ የሚመጡት ጎማ ሲተነፍስ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በዚያ ዘመን አሰብ ውስጥ መሞት ምን ያህል ውድ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማው የእንግዳ ከተማ ነው። ሟች እዚህ ይሞታል፣ ወራሹ ዋድላ ወይም ደብረ ታቦር ነው። ወራሹ መርዶውን ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ ተበድሮ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ እስኪወርድ ንብረቱ ይታሸጋል። ከመጣም በኋላ ወራሽነቱን በምስክር ያረጋግጣል፣ ንብረቱ ይገመታል፣ በግምቱ ልክ ዳኝነት ይከፈላል፣ ለጠባቂ ይከፈላል፣ ለጠበቃ ይከፈላል፣ ራሱም አልጋ ተከራይቶ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሟች መኪና ፀሐይ ላይ ቆሟል። የባሕሩ ጨው ቆርቆሮውን ይበላል፣ ጎማው ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ወራሹ ለወጪው ማካካሻ ሐራጅ ያስወጣዋል።

ሐራጁ ላይ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ደግሞ ለምን አልቀመጥ? ሕግ ነው የሸጠልኝ። ግማሹ አሰብ የሚተኛበት አልጋ በእኔ እጅ አልፎ የገባ ነው።

ልሳኑ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ቀብር ውለን ስንመለስ ጎን ለጎን እየሄድን፣ «አያሌው ወንድሜ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ቁም ሳጥኑን ስንት ገመትከው?» አለኝ። የገመትኩትን ብነግረው ጥሩ ዋጋ ነው ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቢሰድበኝ እንሰዳደብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መሰለኝ ሥራዬን የነካው። መጀመሪያ አንድ ያረጀ ጎሚስታ ሊሞት ሲል ዕቃውን ሁሉ አስጠርቶ ለረዳቶቹ አደለ፤ ምከረኝ ያለው ልሳኑን ነበር። ቀጥሎ አንዲት መጠጥ ቤት ያላት ሴት እንዲሁ አደረገች። ሁለቱም ሲሞቱ የሚታሸግ ነገር አልተገኘም። ልሳኑ ለሁሉም የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ለማንም ኑዛዜ ጻፍ አይልም። ኑዛዜም ፍርድ ቤት ይከፈታል፣ ተቃዋሚ ይነሣበታል፣ ተቃዋሚውም መልስ ሰጪውም ይከፍላል፣ ይላል። «መስጠት ከፈለግህ ቆመህ ስጥ። ዕቃው ከነፍስ በፊት ከግቢ ይውጣ።»

ሰው ግን በሕይወቱ እያለ ንብረቱን ሲያድል ሟርት ይመስለዋል፣ ያፍራልም። ልሳኑ ለዚህ ያገኘው መላ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ እኔ እንዴት አላሰብኩትም እያልኩ። የቁም ተዝካር። አገራችን ወሎ ዘመድ የሌለው ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል፣ ካህናት ይጠራሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ማንም አያፍርበትም፣ እንዲያውም ያስከብራል። ልሳኑ ያደረገው ድግሱ መሐል ዕደላውን ማስገባት ነው። በልቶ ያየ ሰው ሁሉ ምስክር ነው፤ ለምስክር አበል የለም፤ ወጡ በቂ ነው።

ባሻ ጌታሁን ላይ እስኪደርስ ድረስ ይሄን ሁሉ ታግሼ ነበር።

ባሻ የጭነት መኪና ባለቤት ነበሩ። ከሱቃችን ጀርባ ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ ተሳቢ የጎተተ መኪና ገብቶ ወደ ኋላ ሳይል የሚዞርበት። እንዲህ ያለ ግቢ ካምቦ ሱዳን ውስጥ ሌላ አልነበረም። እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ መጋዘን፣ ጎሚስታ ቤት፣ የዘይት መለወጫ ጉድጓድ፣ ሁሉንም በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ባሻ ብቻ ናቸው።

ቤታቸው ውስጥ ፋጡማ የምትባል የባሕር ዳርቻዋ የበይሉል ሴት ነበረች። ዓሣ ልትሸጥ መጥታ ነው የቀረችው ይባላል። ረጅም ዓመት አብረው ኖሩ። ቄስ አላጋባቸውም፣ ሼኽም አላጋባቸውም፤ ልጅም የላቸውም። ዋድላ ውስጥ ሁለት ወንድሞች ነበሯቸው። ባሻ ያለ ኑዛዜ ቢሞቱ ቤቱና ግቢው የወንድሞቻቸው ነው፣ ፋጡማ ሰሌኗን ጠቅልላ ትወጣለች። ወንድሞቹ ደግሞ አሰብ ሊኖሩ አይመጡም፤ ለፍርድ ቤት ይከፍሉና ሲሰለቻቸው ያስጨርታሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ።

በአንድ ዓመት የሙቀት ወራት ባሻ ታመሙ። ሆዳቸው ተነፋ፣ እግራቸው አበጠ፣ ሐኪሙም ቤታቸው ይተኙ አለ። ፋጡማ በማግሥቱ ልሳኑ ሱቅ ገባች። በግድግዳው ስንጥቅ አየሁት፣ ጣቱን ያፋትጋል። ከዚያ አቆመ። በቃ፣ ግቢዬ ሄደ አልኩ።

ቤቱን በማዘጋጃ ቤት በደንብና በወግ ጽፈው፣ ምስክር አስፈርመው ወደ ፋጡማ ስም አዞሩት። ከዚያ ተዝካሩ ተደገሰ። ልሳኑ ከሱቁ የወጣ ሸራ ግቢው ላይ ወጥሮ ጥላ አደረገው። ሁለት አራጅ ነበር፣ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእስላሙ። ቄሱና ሼኹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። ባሻን ከነትራሳቸው አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ልሳኑ እኔን ከኋላ አንስቶ ከፊት አስቀመጠኝ።

«እዚህ ሁን» አለኝ። «አንተ በደንብ ታያለህ።»

ደስ አለኝ። አክብሮኝ መስሎኝ።

ባሻ ስም እየጠሩ ሰጡ። የመኪናውን ቁልፍ ለእህታቸው ልጅ ለሙላት፣ እሱ ነበር የሚነዳላቸው። የላምባ ፍሪጁን ለጎረቤት። ጠመንጃቸውን ለአንድ ጓደኛቸው። እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን በእጁ ይዞ ተቀብያለሁ ብሎ ጮክ ብሎ መናገር፣ ከዚያም ዕቃውን ይዞ ከበሩ መውጣት አለበት። ፍሪጁን አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ግማሹ እንግዳ ወጡን አቁሞ አየ።

የቤቱ ተራ ሲደርስ ባሻ የበሩን ቁልፍ ለፋጡማ ሰጧት፣ ተቀበለች። ልሳኑ በዚህ አልበቃውም። እንግዳውን ሁሉ ተነሡ አለ። ቄሱም፣ ሼኹም፣ እኔም፣ ባሻም ከነወንበራቸው፣ ሁላችንም መንገድ ላይ ወጣን። ፋጡማ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከዚያ ራሷ ከፈተችና፣ «ቤቴ ግቡ» አለች። ያን ሁሉ ሰው እንደገና አስገባች። እኔ አጥንት በእጄ ይዤ ነበር የወጣሁት፣ እሱን ይዤ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሰው ሁሉ ስለ ልሳኑ ያወራል፤ አስካለ እንኳ ማታ እራት ስታቀርብ፣ እዚያ የነበርኩትን እኔን፣ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ።

አሁን የሚቀረው የባሻ መሞት ብቻ ነው። ባሻ ግን አልሞቱም።

ሙቀቱ ሲያልፍና የጥቅምት ነፋስ ከባሕር ሲነሣ የእግራቸው እብጠት ወረደ። አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙና አያሌው፣ ቁርስ አለህ ወይ አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ደስታ በሕይወቴ አላስታውስም። ፉል አዘዝኩላቸው። ሲጨርሱ ወደ ልሳኑ ሱቅ ብቅ ብዬ፣ «ልሳኑ፣ የአንተ ሟች ሁለት ሰሃን ፉል በላ» አልኩት።

ልሳኑ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። አላቆመም። «እሰይ» ነው ያለው።

ነገሩ ግን ለባሻ የሚያስቅ አልነበረም። መኪና የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ ጠመንጃ የላቸውም። አልሞቱም ተብሎ ዕቃ ይመለስ ቢባል የሚመልስ የለም፤ ሙላት በመኪናው ላይ አዲስ ቀለም ሁሉ አስቀብቷል። ባሻ በቁጣ ነደዱ። እኔም እንደ ጎረቤት መከርኳቸው፤ ክስ ይመሥርቱ፣ ሁሉም ነገር በእግድ ይታሰር፣ ሕግ ያውቃል አልኳቸው። በእግድ የታሰረ ነገር በመጨረሻው የት እንደሚሄድ ግን አልዘረዘርኩላቸውም።

ባሻ ግን ከመክሰሳቸው በፊት ልሳኑን ሊሰድቡ ገቡ። በስንጥቁ አዳመጥኩ። ስድባቸውን ጨርሰው ሲያርፉ ልሳኑ ሙላት መቼ እንደሚጭን ጠየቃቸው። ነገ አሉ።

«ታዲያ ነገ ይሣፈሩ» አላቸው።

«በማን መኪና?»

«በልጁ መኪና። ጋቢና ይግቡ፣ ይቀመጡ። አጎቱን ከመኪና የሚያወርድ ሾፌር ወደብ ላይ ካየሁ እኔ ሸራ መሸጥ አቆማለሁ።»

ባሻ በማግሥቱ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። ሙላት ምን ይበል? ያ ሁሉ ሾፌር ተሰልፎ እያየ። አዲስ አበባ ደርሰው ጭነቱ ሲወርድ ነጋዴው የጭነት ዋጋውን ይዞ መጣ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ለጎረምሳ ብር የሚቆጥር ነጋዴ የለምና ለባሻ ሰጣቸው። ባሻ ለነዳጅ፣ ለሙላትና ለራሳቸው ከፈሉት። ከዚያ ወዲያ በየጉዞው እንዲሁ ሆነ። መኪናው የሙላት ነው፣ ወንበሩ የባሻ ነው። ሙላትም በኋላ ለመደው፤ በየኬላው ሽማግሌ ያለበት መኪና ቶሎ ያልፋል።

ለቤቱ ደግሞ ልሳኑ ሌላ ነገር ነገራቸው። ከጉዞ ሲመለሱ በሩን ከፍተው አይግቡ፣ ያንኳኩ አላቸው። ባሻ እጄ የሠራውን በር አላንኳኳም ብለው ማሉ። ግን ፋጡማ ከውስጥ ቆልፋዋለች፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ። አንኳኩ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ፈለግህ?»

ባሻ በሩን በከዘራቸው ደግመው መቱት። ከዚያ፣ «የመሸበት እንግዳ» አሉ። ከፈተችላቸው። ሳቋ እስከ ሱቄ ተሰማ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ባሻ በመጡ ቁጥር በከዘራቸው በሩን ይመቱታል፣ እሷ ማነው ትላለች፣ እሳቸው የመሸበት እንግዳ ይላሉ፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን። በዚያ ዕድሜያቸው እንደ አዲስ ተጫጩ። እኔ ያንን ኳኳታ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ጎማ ከልኩ አሳልፌ እነፋለሁ። ግቢው የሄደብኝ አንሶ ደስታቸውን መስማት ነበረብኝ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ኖረው ባሻ ፋጡማ ቤት አልጋ ላይ ሞቱ። ወንድሞቻቸው ከዋድላ ወረዱ፣ ጠበቃ ያዙ። ጠበቃቸው ጎበዝ ነበር። ስጦታው ለይስሙላ ነው፣ ዳኝነት ላለመክፈልና ወራሽ ለመንቀል የተደረገ ነው፣ ለዚህ ማስረጃው ሟች ከስጦታው በኋላም በቤቱ እንደ ባለቤት ሲገቡና ሲወጡ ኖረዋል ብሎ አመለከተ። ይሄ ከተረጋገጠ ቤቱ ወደ ውርስ ይመለሳል። ታላቁ ወንድም ሱቄ ድረስ መጥቶ ግቢው የእነሱ ከሆነ ሐራጅ ሳይወጣ በስምምነት ለእኔ እንደሚሸጡልኝ ነገረኝ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን።

ልሳኑ በዚያ ሰሞን ሸራ ሊገዛ አዲስ አበባ ወጥቷል። ፋጡማ ብቻዋን ናት። እሷ የጠራችው ምስክር ማን እንደሆነ መጥሪያው እጄ ሲገባ ነው ያወቅሁት። እኔ ነኝ።

አስካለን ልኬ አስጠየቅኋት፣ ይቺ ሴት አብዳለች ወይ ብዬ። አስካለ መልሱን ይዛ መጣች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ልሳኑ ነው አሉ ገና ድግሱ ጊዜ የነገራት፤ አንድ ቀን ክስ ቢመጣ አያሌውን ጥሪ፣ ግቢሽን ስለሚመኝ ከእሱ የበለጠ የሚያየው የለም ብሎ።

ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ላቤ ይወርዳል። አላውቅም ብዬ ልወጣ ወስኜ ነው የገባሁት። አላውቅም ማለት ውሸት አይደለም፣ ሰው ስንቱን ያውቃል? መስቀሉን ይዤ ማልኩ። የወንድሞቹ ጠበቃ ተነሥቶ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና፣ ጎማ ነጋዴ መሆኔን ጠየቀ፣ ነኝ አልኩ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነፋ የሚውል ሰው ከጀርባው ባለ ግቢ የሚደረገውን ሊያውቅ እንደማይችል ለዳኛው አስረዳ።

ዝም ብል ግቢው የእኔ ነበር። እንዲያው ዝም ብል። ግን ሰውየው ስለዚያ ግቢ አታውቅም አለኝ። ስለዚያ ግቢ እኔ አላውቅም! የሄደችውን ዶሮ፣ የተሰነጠቀውን ቆርቆሮ፣ ባሻ የሚያስሉበትን ሰዓት የማውቀው እኔ!

«አውቃለሁ» አልኩ።

ዳኛው ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። ጀመርኩ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። እንግዳው ሁሉ ወጥቶ እንደገና መግባቱን ነገርኳቸው። ከዘራውን ነገርኳቸው። ባሻ በመጡ ቁጥር አንኳኩተው፣ ተጠይቀው፣ ተፈቅዶላቸው እንጂ አንድም ቀን በራሳቸው ከፍተው እንዳልገቡ፣ ዝናብ በዘነበባት በዚያች ብርቅ ቀን እንኳ ፋጡማ እስክትሰማ ውጭ ቆመው እንደበሰበሱ ነገርኳቸው። ጠበቃው ሊያቋርጠኝ ሲል ዳኛው እጃቸውን አነሡበት።

«ባለቤት ያንኳኳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ ቤቴን አንኳኩቼ አላውቅም» አልኩ። «ባሻ ግን ያንኳኩ ነበር።»

ቤቱ ለፋጡማ ጸና። ወንድሞቹ አጠገቤ ሲያልፉ ታላቁ መሬቱን እንጂ እኔን አላየም። እኔ በረንዳው ላይ ፎጣዬን እየጨመቅሁ ቆምኩ። አስካለ ጎኔ ቆማለች፣ ያን ቀን ስታየኝ አስተያየቷ ሌላ ነበር፣ ልደብቅ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ፋጡማ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ወደ እኛ መጣች። ምን ብዬ እንደምመልስላት አሰናዳሁ፤ ምንም አይደል፣ የጎረቤት ነገር ነው፣ እንዲህ ያለ።

አስካለን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አያሌው» አለች፣ «ልሳኑ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሐሙስ» አልኳት።